እግሬ አስቀምጪኝ

የሚሸሽ ሰው ጩኸት «እግሬ አውጪኝ» ነው፤
የእኔ ልመና ግን ዘንድሮ ሌላ ነው፦
እግሬ፣ አስቀምጪኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በፖርቶ ዳገት
የሰው ደብዳቤ እኔ ትከሻ ላይ፣
እኔ አንቺ ላይ፤
ከአውራ ጣትሽ ሥር አጥንት አጎነቆለ፣
ጨለማ እንዳገኘ ድንች ጫማ ውስጥ በቀለ።

ሐኪሙ ሞረደ፣ አቃና፣ በብሎን አሰረ፤
ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል
«ስድስት ሳምንት መሬት እንዳትረግጪ» አለ።
ለፖስተኛ!
ሳቄ መጣ። ከዚያ ደረጃዬ ትዝ አለኝ፤
ሃምሳ ሁለት ነው።

ደግሞም አለ፦ «እግርሽ ከልብሽ በላይ ይዋል።»
ዶክተር፣ መቼ በታች ውሎ ያውቃል?
ኦርላንዶ፣ የቁልፍ ሠሪው ልጅ፣
በራፉ ላይ ቆሞ «ትንሽ ተቀመጪ» ሲለኝ
«እግረ መንገዴን ነው» ብዬው አልፌአለሁ።

ሦስት ትራስ ደረደርሁ።
አራተኛው ጥልፉ ቁርጭምጭሚት ይቧጥጣል፤
እሱን ለወገቤ ሰጠሁት።
ብርድ ልብሱ ጣቶቼን እንዳይጫን
እግርጌዬ ላይ የሰርዲን ካርቶን አቆምሁ፣
ለአምስት ሰው ድንኳን።

የበረዶ ከረጢት ውድ ነው፤
የቀዘቀዘ አተር ይበቃል፣
በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሃያ ደቂቃ።
ሦስት ጊዜ ቀልጦ ሦስት ጊዜ ደርቋል፤
እንግዳ መጥቶ ሾርባ እንዳይሠራበት
ላዩ ላይ «የእግር» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ምንጣፎቹን ጠቀለልሁ፣ የመብራቱን ሽቦ ከመንገድ አነሣሁ፤
ቤቴን እንደ አዲስ ሰፈር አጠናሁት፦
እዚህ ጋ ጣውላው ከፍ ይላል፣
እዚያ ጋ የወንበር እግር ያደባል።
ለሌሊቱ ባትሪ በትራሴ ሥር፣ ደወል በራስጌዬ፤
ደወሉን ማን እንደሚሰማው ባላውቅም።

ክራንች የሚሉት ነገር ሁለት እጅ ይበላል።
ሻዩን በምን ልያዝ? በጥርሴ?
አንድ ማታ ከሚስማሩ ላይ
የድሮ ቦርሳዬን አወረድሁ፤
ቆዳው ዛሬም ዝናብ ዝናብ ይላል።
ፔርሙዝ፣ መነጽር፣ ክኒን፣ የዳቦ ቁራሽ፣
በአንገቴ አጥልቄ ከማድ ቤት እስከ አልጋ
አሥራ አንድ እርምጃ፣ ሙሉ መሥመር።
ላኪ፦ እኔ። ተቀባይ፦ እኔ።
ፊርማ አያስፈልግም።

ሴኞር አቢሊዮ፣ ከሥሬ ያለው ጎረቤቴ፣
በቴሌቪዥኑ ድምፅ ሰባት ዓመት የተኳረፍነው፣
የፕላስቲክ በርጩማ ይዞ ወጣ።
«ለመታጠቢያሽ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።
የበሶብላ ማሰሮው የነበረበት ክብ ምልክት
መሐሉ ላይ አለ።
እዚያ ላይ ተቀምጬ፣
እግሬ በፌስታል ታስሮ ከገንዳው ውጭ ተሰቅሎ፣
ውሃው ሲወርድብኝ የበሶብላ ሽታ ይነሣል፤
ቴሌቪዥኑም ከታች ይጮሃል።
ይጩህ።

ዳቦና ደብዳቤ በመስኮት ይመጣል፣
በገመድ፣ በቅርጫት።
አዲሷ ፖስተኛ ታይስ ትባላለች፤
ከታች ትጣራለች፣ ፖስታ ትጥላለች፣ ትሄዳለች።
እኔም እንደዚሁ ነበርሁ።
ዶና ኤርሜሊንዳ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ደብዳቤው ከገባላት በኋላ
ቅርጫቷን ቶሎ አትስብም ነበር።
እጇ ደክሞ ይሆናል እል ነበር፤
ገመዱ ተይዞ ይሆናል እል ነበር።
ዛሬ ገመዱ በእኔ እጅ ነው፤
ቀላል ነው፤ ምንም አይይዘውም።

እግሬ፣ ይህን ለማወቅ
መቀመጥ ነበረብን።

ትናንት ታይስ ዳገቱን ስትጀምር አየኋት፤
ግራ እግሯን ወደ ውጭ ትጥለዋለች፣
ከገዛ አውራ ጣቷ እየሸሸች።
አውቀዋለሁ ያን አረማመድ።
«ልጄ!» አልሁ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣
«አንድ ቁጥር ጨምሪ! አፍንጫው ሰፊ ጫማ!»
ቆመች። ሰዓቷን አየች። ጫማዋን አየች።
ቅርጫቱ በሁለታችን መካከል
ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤
ገና አልሳብሁትም።