ደንገል በር ገበያ

መብራት በጠፋበት፣ ሽምብጥ፣ ማታ ማታ፣
ከፎቶ ኮፒው ቤት ጓዳ፣ በካርቶኖች ቦታ፣
አራት ሆነን ከበን የስልክ ጭላንጭል፣
በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ አንድ ከተማ ስስል፣

ስሟን «ደንገል በር» አልኳት። ሐይቋ ጣናን ይመስላል፤
ጉማሬው ግን በሯ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረጥ ይቀበላል።
አሞሌ ያልያዘ መንገደኛ በዘፈን መክፈል ይችላል፤
ድምፁ ካላማረለት፣ «በዋና ግባ» ይባላል።

ከበሩ ወዲያ ሸቀጥ ሰፈር፤
እዚያ ነው ጉዱ፣ እዚያ ነው ግርግር።
ጥላ በክንድ ይሸጣል፣ ለሚያዝያ ፀሐይ የሚበጅ፤
ነጎድጓድ በቅል ታሽጎ፣ «አይነቅነቅ!» ይላል አዋጅ።
ታንኳ አለ፣ ከደንገል ተጎንጉኖ በአየር ላይ የሚቀዝፍ፤
ሻጩ «ሙከራው በነጻ ነው፤ አንተ ግን ነፍስህን ደግፍ!»
ቆሮሶ የምትሸጥ አንዲት አለች፣ ዓሦቿ ገና ያወራሉ፤
ገዥ በተጠጋ ቁጥር «የተያዝነው ከትናንት ወዲያ ነው» እያሉ
ገበያዋን ይዘጋሉ።
ደላላው ሁለት ምላስ አለው፤ ይህስ ተረት አይደለም፣
አንዱ ለገዥ፣ አንዱ ለሻጭ፤ ለራሱ የቀረው የለም።
ሲመሽ እምቦጭ ከሐይቁ ወጥቶ፣ አረንጓዴ ጣቱን ዘርግቶ፣
ሳይዘጋ ያመሸውን ከነሸቀጡ ይወስዳል ጎትቶ።

ሙሉሰው ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ዘንዶ ይገድላል፤
የትራፊክ ፊሽካ ከሰማ ግን፣ ጋሻውን ጥሎ ይሸሻል።
ደስዬ አስማተኛ ናት፤ ቀን መድኃኒት ቤት ስለምትውል፣
መርገሟ ሳይቀር «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» የሚል።
ጥሩዓለም ሌባ ናት። በእውኑ ዓለም አስተማሪ፣
ለወደቀች እርሳስ እንኳ ሦስት ቀን ባለቤት ተጣሪ።

ያን ማታ ከሰፈሩ ጫፍ
አንድ ሽማግሌ ሚዛን ያዥ አስቀመጥኩ።
የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም።
ሚዛኑን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ደግሞ ጠርጎ፣
ከዓባይ መውጫ ያነሳትን ድንጋይ፣ እንደ እንቁላል ጥንቃቄ አድርጎ
ያስቀምጣል።
ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

«ድንጋዩን እሰርቀዋለሁ» አለች ጥሩዓለም።
ባለ ሃያ ፊቷን ጠጠር ወረወረች።
ተንከባለለች፣ ከስቴፕለሩ ጋር ተጋጨች፣ ቆመች፤
ሃያ።
ከሃያ በላይ ሕግ የለም። ሕጉን የጻፍኩት እኔው ነኝ።
ሙሉሰው ጮኸ። ደስዬ አጨበጨበች።
«ወሰድሽ» አልኩ። «እሱም አላየሽም።»
«ከዚያስ ምን አደረገ?»
«ሥራውን ቀጠለ። በመዳፉ እየመዘነ።
ማንንም አላጎደለም። ድሮም ድንጋዩ
ለገዥ ዓይን ነበር።»

መብራት መጣ። ማሽኑ እንደ በሬ አጓራ።
ማንም አልሳቀም።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቃ፣
ዘንዶው ድልድዩ ላይ ነበር፣ እነሱን ሲጠብቅ ነቅቶ በጠዋቃ፤
ጥሩዓለም ግን «ይጠብቅ» አለች፣ «ወደ ሚዛኑ እሄዳለሁ፤
ድንጋዩን መልሼ፣ ሳይታይ እወጣለሁ።»
ወረወረች፤
ሁለት።
«ያዘሽ» አልኩ። «እጅሽ ሚዛኑ ላይ ሳለ፣
በአራት ጣቱ ያዘሽ።»
«ምን አለኝ?»

ወረቀቴ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።
ከጉሮሮዬ ሌላ ድምፅ ወጣ፣ የጤፍ ብናኝ ያለበት፦
«ምን ልመዝንልሽ?»
መዘነ። ልክ መጣ። መርፌዋ መሐል ቆመች።
ከዚያ በላዩ አንድ እፍኝ፣ ደግሞ አንድ እፍኝ፤
«ይኼ ምርቃት ነው፣ ልጄ።»

ጥሩዓለም አላሰበችበትም፤
እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ
«አሜን» አለች።

እኔ ያኔ ጎርጎራ ነበርኩ፤ ጀልባው ዘግይቶብኝ
ቀብሩ ላይ ነው የደረስኩት።

«ዘንዶውስ?» አለ ሙሉሰው።