ጥያቄ ቁጥር ሰባት

ከባቡር ስወርድ፣ ድሬ ላይ፣ በሰኔ፣
ሦስት መቶ መጠይቅ ታቅፌ በጎኔ፣
እርሳሴን በሲባጎ ካንገቴ አስሬ፣
እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ በሣጥን ቀምሬ፣

ገንደ ቆሬ ገባሁ። ጠራራው ያነዳል።
ግቢው አምስት በር ነው፣ አምስቱም ተከፍቷል።
አንዲት ልጅ ደጃፍ ላይ፣ ስሟን ብላኝ «ኒምኦ»፣
በሙሸበክ ስኳር ጣቷ ተለውሶ፣
«አንቺ ማነሽ?» አለች፣ ቀና ብላ አይታኝ።
(እኛ ቤት ለታላቅ «አንቺ» አይባልም፤
እሷ «አንቱ»ን አታውቅም፤ ድሬም አታውቅም።)

ጥያቄ ቁጥር ሰባት፦ «የቤት ውስጥ ቋንቋ።»
መልስ ማስፈሪያ አንድ መስመር፣ አንድ ስንዝር፣ በቃ።
ጠየቅኳት። ቆጠረች በሚጣበቅ ጣቷ፦
«ሲርበኝ በሶማሊ፣ ለእማ ነው እሱማ፤
ስጣላ በኦሮምኛ፣ ከነኢፍቱ ጋርማ፤
ስቆጥር በአማርኛ። ሌሊት ስፈራማ…
እሱን እንጃ፣ አቦ! ማን አይቶት በጨለማ?»

«ሌላ» ብዬ ጻፍኩኝ። አዲስ አበባ ላይ
አለቃዬ አየና ያቺን ቃል፣ ከበላይ
በቀይ ሰርዞ ቃሏን ዘጠኝ አደረጋት፤
ዘጠኝ በኛ መዝገብ «አይታወቅም» ናት።
ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የስኳር ጣት ነበር፤
ለእሱ ግን በመዝገቡ መለያ አልነበር።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ዘጠኝ ክረምት ተመላለስኩ።
ልጅን ማን እንደሚጠራ፣ በምን ስም፣ ቆጠርኩ።
ማን እንደሚቆነጥጥ፣ ማን እንደሚያባብል፣
ትሪው ላይ የማን እጅ የማንን እንደሚከተል፣
«ነውር» የሚሉት ቃል በስንት ዓመቱ
ከልጅ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሆን ሰጪው።
ያገኘሁት ግን ይኼ ነው፣ ከሰንጠረዥ ውጭ፦
የወደቀ ልጅ እያለቀሰ ወደ እናቱ አይሮጥም፤
ወደሚቀርበው በር ነው።
በሩ የማንም ይሁን።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ
አንዷ እናት ሆነች፣ አንዱ ደግሞ አባት፤
ኒምኦ እኔን ሆነች።
ካርቶን በብብቷ፣ ስንጥር በአንገቷ፣
ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ልክ እንደኔ አድርጋ፦
«ስም? ዕድሜ? ስንት ናችሁ? እሺ፣ ቀጥሎ!»
«አባት» የሆነው ልጅ መልሱን ሳይጨርስ
ገጹን ገለበጠች።
ስቄ ነበር ያኔ።
ማታ፣ ከዚራ፣ ሆቴል፣ ማራገቢያው ሲዞር
ያ አገላለጥ መጣብኝ፤ እጁ የኔ ነበር።

ደቻቱ በሌሊት የመጣ ዓመት
የቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ የቤት ቁጥር አሥራ ስድስት…
ለዚህም ሕግ አለን፤ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ፦
መልስ ከሌለ ነጥብ ይደረጋል።
ኢፍቱ አሥራ ስድስት ውስጥ ነበረች፣ ከነአራሷ።
ነጥብ አላደረግሁም።
የዚያን ዓመት ዘገባ እስካሁን ይጠይቁኛል።

ስለ ልጆች አፍ መፍታት ሁለት መጽሐፍ አለኝ።
የራሴ ልጅ አፉን የፈታባትን ቃል
ከሠራተኛዬ ሰማሁ፣ በስልክ፣ ከዚሁ ከተማ ሆኜ።
«መብራት» ነው ያለው፣ አለችኝ።
ሁለቴ አስደገምኳት፣ ሌላ ቃል ጠብቄ።

ዘንድሮ ጡረታ ነኝ፤ ያለ ወረቀት መጣሁ።
ታይዋን ገበያ ጥግ ኒምኦ ጨርቅ ትሸጣለች፣
ሁለት ስልክ ይዛ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች።
ልጇ አግዳሚው ላይ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው፣
ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፣ ደግሞ አየኝ፣
«አንቺ» አለኝ፣ «የማን ልጅ ነሽ?»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ሲባጎው የለም።
ኒምኦ ብር እየቆጠረች፣ ቀና ሳትል፣
«ጠጋ በልላት» አለችው።
በምን ቋንቋ እንዳለችው ልብ አላልኩም።
ጠጋ አለ።
ሙሸበኩን ገመሰና
የሚያጣብቀውን ጎን ለኔ ሰጠኝ።