የማትደረደር ወንበር

በየካቲት፣ ሮቼስተር ላይ፣ ንፋስ ከሐይቁ ሲነሣ፣
ሌሊቱን ውርጭ ያበቅላል የቤተ ሙከራው መስኮት፤
ላባ በላባ ተነባብሮ፣ ቅርንጫፍ፣ ሐረግ፣ አጥንተ ዓሣ፤
ማለዳ ስገባ ያ ሁሉ ጌጥ ውጪውን ጋርዶ አገኘሁት።

በአጉሊ መነጽሬም ሥር ያው ውርጭ ነበር የጠበቀኝ፤
ከጠጉር ሺህ እጥፍ የሳሳ፣ ሦስት ወር ያስጨነቀኝ
ንጣፍ፣ ክሪስታል አብቅሎ፣
ብርሃኑን ውጦ፣ ገርጥቶ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎ።

ጥፋቱ የመልኳ ነው። ሞለኪውሏ ዝርግ ነበረች፣
እንደ ሳህን። ፈሳሽ ውስጥ፣ ለብቻዋ ሳለች፣
ሰማያዊ ትነድ ነበር፤ ብልቃጡን ይዤ
በየክፍሉ አዙሬአለሁ፣ እንደ ልጅ ፎቶ፣ ፈዝዤ።
ብርጭቆ ላይ፣ በቫክዩም፣ ተንና ስትነጠፍ ግን
እህቶቿን አገኘች፤
ጀርባ ለጀርባ፣ ሆድ ለሆድ ገጠመች፤
ተራ ያዘች።
ተራ በያዘች ቀን፣ ተራ ሆነች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤
እኔ ያየሁት ድር ግን ያሰረው ብርሃን ነው።
አንዷ ልትሰጥ ያነሣችውን ብልጭታ
ጎረቤቷ ተቀብላ፣ ለጎረቤቷ አቀብላ፣
እጅ በእጅ ሲዞር አምሽቶ
ሙቀት ሆኖ ቀረ፤ ከደጅ ሳይወጣ፣ ጠፍቶ።

ወንዳ ፓሉክ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕ የጠገነች፣
ጓንቷን እያወለቀች፣
«ዓርብ ነው» አለችኝ፣ «ፊትሽ ጠቁሯል፤ ነይ ዓሣ እንብላ።»
(በጾም ዓሣ? አዎ፣ በጾም ዓሣ፣ ያውም በዘይት ተንጨርጭሮ።)
የሰበካዋ ምድር ቤት ሰው ሞልቶት፣ ጫጫታው ደምቆ፣
በልተን ስናበቃ ወጣቶች መጡ፤
ወንበሩን አንስተው አንዱን ባንዱ ላይ ዋጡ፤
አርባ ወንበር ነበር፤ አንድ ግንድ ሆነ፣ ጥግ ላይ።

አንዷ ቀረች። እግሯ ወደ ውጭ የተጣመመች።
«የታዴክ ናት፣ የባሌ፤ ከመኪና ጣሪያ ወድቃ ነው» አለች ወንዳ።
«አትደረደርም። ስለዚህ አዳራሹ ሲዘጋም ሜዳው ላይ ናት፤
ደወል ደዋዩም፣ ወለል አጣቢውም ልጅ፣ ሁሉም የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።»

ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ሶፍት ስቤ፣ ዘይት በነካው እጄ፣
አንዲት ካርቦን መሐል ቋጠሮ አድርጌ
ግማሽ ገላዋን አስተኛሁ፣ ግማሹን አቆምኩት፤
በየጫፉም ክንፍ ቀጥዬ እንደ አየር ማራገቢያ ጠመዘዝኩት።

እስከ ግንቦት ፈጀ። ሁለቴ ተበላሸ።
ሦስተኛው ተነጠፈ፤ ልትደረደር ሞከረች፣
ክርኗ እምቢ አላት። ዝርጓ በስልሳ ዲግሪ
ተራ ፍለጋ ትላወስ ነበር፤ ይቺን መቶ አርባ ድረስ አሞቅኳት፣
እንደ ብርጭቆ ጭጭ፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት።
መጻሕፍቱ ንጣፉን ቅርጽ አልባ ይሉታል፤
ቅርጽ አልባ ለመሆን ስንት ቅርጽ ያስፈልጋል!

ወንዳ መብራቱን አጠፋች። ሽቦውን አገናኘሁ።
የጥፍር ታህል ሰማያዊ
ጓንታችንን፣ የቡና ኩባያውን፣ የወንዳን አገጭ አበራች።

ከዚህ በላይ አላጋንንም። ብርጭቆ ውሳኔ አይደለም፤
የዘገየ ውሳኔ ነው። አንድ ቀን፣ በሺህ ዓመት ወይ በአንድ ሙቅ ሐምሌ፣
እሷም ክርኗን አጥፋ ቦታ ታገኝ ይሆናል።

«ስንት ሰዓት ትቆያለች?» አለች ወንዳ።
«እንጃ» አልኳት።
ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።