አምስተኛው እጀታ

ነፋሱ በርትቶ መርከቡ ሲቀር፣
«ነገ በማለዳ» አለን ትኬት ቆራጩ፣ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ሳይቸገር።
ሆሊሄድ ወደብ፣ ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፤
ዝናቡ ወደ ጎን ይዘንባል፤ ጃንጥላ ምን ሊፈይድበት።

እኔ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ፤
የሥጋ ቤት፣ የፖስታ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ሲዋሽ የሚጠሩኝ።
ሻንጣዬ ውስጥ ከአንድ ግራም እስከ አምስት ኪሎ የነሐስ ድንጋይ፤
ትከሻዬን ያጎበጠው እሱ ነው፣ የዕድሜ አይደለም ጉዳይ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ያው ስሟ፣ ያው መብራቷ፣
የሰንሰለት መጠጥ ቤት፣ እንደ እኅቶቿ ቁጥር የተለጠፈባት በአናቷ።
በደርቢ የረገጥሁት ምንጣፍ፣ ያው አበባው፣
በሃል የበላሁት ዓሣ፣ ያው ፎቶው፣ ያው ዋጋው፤
ወንበሩ እንኳ የሚያነክሰው በዚያው በግራ እግሩ ነው።
ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው፤ ቀለበት ከቀለበት፣
አንዱን የቀመሰ ሁሉን ቀመሰ የሚባልለት።

ከእኔ ጋር የቀሩ ሦስት የጭነት ሾፌሮች ስልካቸውን ይሞላሉ፤
ጫማቸውን አውልቀው ካልሲያቸውን ማሞቂያው ላይ ሰቅለዋል፣ ማን አለብን ይላሉ።

አራት እጀታ ቆመዋል፣ የሚያብረቀርቁ፣
እንደ ሚኒስትር ጠባቂ ከማንም ጋር የማይስቁ።
አምስተኛው ጥግ ላይ ነው፤ እንጨት፣ ሲባጎ የታሰረበት፣
በእስክሪብቶ የተጻፈ ብጣሽ ካርቶን የተንጠለጠለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኋት። ስሟን ደረቷ ላይ አነበብሁ፣ ኔሪስ።
እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ሳትቸኩል፣ ቀስ።
«ኩሩ» አለችኝ።
ኩሩ?

በእኔ ቋንቋ ኩሩ ማለት አንገቱን የማይደፋ፣
ርቦት እንኳ «በልቻለሁ» ባይ፣ ደረቱን የሚነፋ።
በእነሱ ቋንቋ፣ በዌልሾቹ፣ ቢራ ማለት ነው ባጭሩ።
ደገመችልኝ፤ «የኢድዋል ነው፣ የኢድዋል ኩሩ።

አራቱን ኩባንያው ይልካል፣ ከሩቅ፣ በመኪና፤
አምስተኛውን ለመንደር ሰው ትቶልናል፣ በስንት ልመና።
ኢድዋል በረት ውስጥ ይጠምቃል፣ ላሞቹን ከሸጠ ወዲህ፤
ሐሙስ ሐሙስ ሁለት በርሜል ያመጣል፣ እዚህ።»

ሦስት ጊዜ ሳበች፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ መቅጃ፤
ጥቁር ነው፣ አረፋው ወፍራም፣ እንደ ስጋጃ።

ቀመስሁ።
መጀመሪያ የተቆላ ብቅል፣ ቀጥሎ የሚጎረብጥ ምሬት፣
ከዚያ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ዝናብ የጠጣ መሬት፤
መጨረሻ ላይ ጨው፣ ከባሕሩ ይሁን ከከንፈሬ ያልለየሁት።
ሚዛን የለኝም ለዚህ፤ ደግሜ ተጎነጨሁት።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤
ዐይኑን ከከንፈሬ አልነቀለም፤ ሻዩ በርዷል።
«እሱ ነው» አለች ኔሪስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
«ጉበቱ ታሟል፤ ሐኪም ከልክሎታል፣ ብርጭቆ እንዳይጠጋ።
ጠምቆ ያመጣና እዚያ ይቀመጣል፣ ጣዕሙን ከሰው ፊት ሊያነብ፤
መንገደኛ ይመርጣል፤ ጎረቤት ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ለማመስገን አያጣም ሰበብ።»

ምን ልበለው?
ብርጭቆዬን አነሣሁና «ኩሩ!» አልሁት፣ በእኔ አገር ትርጉሙ፤
እሱ በራሱ ሰማው፤ ሁለቱ ቃላት መሐል ሜዳ ተገናኝተው ተሳሳሙ።

ተነሥቶ መጣ፤ እጁ ከብት የለመደ፣ ሰፊ፣ ሸካራ፤
«ጨው አልበዛበትም?» አለኝ፣ ዐይኑን ሰብሮ፣ እንደ ተማሪ እየፈራ።
በዝቷል። ልዋሸው አልፈለግሁም፤ ላሳዝነውም።
«ትንሽ» አልሁ፤ «ግማሽ ግራም፤ ከዚያ አይበልጥም።»
ሳቀ። እውነት ሲነገረው እንዲህ የሚስቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።
የብርጭቆ ማስቀመጫዋን ካርቶን ገለበጠ፣ እርሳስ አወጣ፣ ጻፈው፤
በኩባንያው ዓርማ ላይ፣ «ግማሽ ግራም»፤ ኪሱ ከተተው።

በነጋታው ደብሊን። ያው ምንጣፍ፣ ያው የሚያነክስ ወንበር።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ጥግ ጥጉን ሳማትር፣
ልጁ ከባንኮኒው ማዶ «ምን ልቅዳልህ?» ይለኝ ነበር።