የረጋ ለት

አባቱ ሐዘኑን እንዲረሳ፣ «ይርሳው» ብለው ሰየሙት፤
እሱ ግን የገጽ ቁጥር እንኳ የረሳ ለት አላየሁበት።

ባሕር ዳር ፖስታ ቤት፣ በሦስተኛው መስኮት፣
አመሉን የማውቅ እኔ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
«ስንዱ፣ ጥቅል መጣልኝ?» ይላል ባርኔጣውን አውልቆ፣
የቀረጡን ብር በመሐረብ፣ እንደ ስእለት ደብቆ።

መጽሐፍ ነው የሚመጣለት፤ ሁሉም ስለ አንድ ጨዋታ፣
ውኃ ድንጋይ በሆነበት፣ ስለት ተጫምተው፣ ከማለዳ እስከ ማታ።
ገና ነው እንበለው፤ ዱላው ያው ቆልማማ፣
ጥንጉ ግን ዝርግ ነው፣ ጥቁር፣ የጎማ።
እዚህ ማን አየው? እሱም አላየው።
በረዶ የሚያውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፣
ወይ በሣጥን፣ ከአሣ ነጋዴው።

የጀመረው በፖሊ ሳለ ነው። የብረታ ብረት መምህሩ፣
መስኮቡ፣ ሲመለስ ወደ አገሩ፣
ሻንጣው አልዘጋ አለው።
አንድ መጽሐፍ መዘዘና «በል ያዝ» ብሎ ሰጠው።
የመጀመሪያው ገጽ ጥግ፣ በእጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ከሁለት መቶ ቅጅ ሰማንያ ሰባተኛ»። ሌላ አይታተምም።

ይህች ቁጥር ናት የያዘችው።
ጨዋታውስ ይቅር፤ ቁጥሯ ናት እንቅልፍ የነሳችው።
«አየሽ» ይለኛል፣ «ሌላው መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰው
ማኅበርተኛዬ ነው። ጽዋው ማን ዘንድ እንደደረሰ ነው የማላውቀው።»

አሁን አርባ ሦስት ደርሰዋል። ቤቱ ሽንብጥ ነው፣ ሐይቅ ዳር፤
እርጥበት ሌባ ነው እዚያ፣ በመስኮት ገብቶ የሚያድር።
በቆርቆሮ ሣጥን፣ በየማዕዘኑ የፎገራ ሩዝ በከረጢት፣
ሩዙ ውኃውን ይጠጣለት።
ሦስት ወር ሲሞላው ይለወጣል። አሮጌውን ሚስቱ አትጠገብ ትቀቅላለች፤
«ወረቀት ወረቀት ይላል» እያለች ታጎርሰዋለች።

የአንዱ ዋጋ ወይፈን ይገዛል። ይህን አትጠገብ አታውቅም፤
ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ገበያ ሳገኛት ቀና ብዬ አላያትም።

አምና በጥቅምት፣ ጥቅል ሳይሆን ደብዳቤ መጣ፣ ቀጭን፣
በማላነበው ፊደል። ቆሞ ከፈተው፣ ተደግፎ መስኮቴን።
ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ፦
«ሰማንያ ስድስት! ሰማንያ ስድስት ጻፈልኝ! ጎረቤቴ እኮ ነው ያ!»

ጎረቤት በባዶ እጅ አይጠየቅም።
ግን ምን ይላካል? ማር ይፈሳል። አሣ አይሆንም።
በማግስቱ ፎቶ ይዞ መጣ፦ ጣና፣ በወጉ ሳይነጋ፣
ታንኳ የለ፣ ወፍ የለ፣ ከዳር ዳር ረግቶ የተዘረጋ፤
ሰማዩ ላዩ ላይ ተኝቶ፣ ውኃው መስሎ መስተዋት፤
ጀርባው ላይ በአማርኛ ጻፈ፦ «ጣና፣ የረጋ ለት»።

ከሥሩ በሩሲያኛ ሊደግመው ሲል፣ እስክሪብቶው ቆመ።
«ስንዱ፣ እነሱ ሁለት ቃል አላቸው» ብሎ አጉተመተመ፤
«አንዱ ማዕበል ሲተኛ ነው፤ አንዱ እንደ እርጎ፣ እንደ ሞራ ሲጸና።
የእኛ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዟል። የቱን ልተውለት ልጻፍና?»
ከኋላው ሰልፉ ተቆጣ፤ ባጃጅ ያቆመ አለ እዚህም እዚያ።
«አባት፣ ኑዛዜ ነው እንዴ?»
በአማርኛው ብቻ ላከው። ካሻው ይፍታው እዚያ።

በየካቲት መልሱ መጣ፤ አነበበልኝ ዝግ ብሎ፦
«ግሩም በረዶ ነው፣ ጎረቤቴ። ስንት ጣት ይወፍራል? ሰው ይሸከማል ችሎ?»

የሳቀ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።
ፖስትካርድ ገዛኝ፣ ርካሹን፤ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ፤
«ይሸከማል፤ በታንኳ» ብሎ ጻፈ።
ከፊርማው ጎን ቁጥሩን፦ ሰማንያ ሰባት።
ማኅተሙን መታሁበት።