አምስተኛው ክረምት

ከጓሮዬ አጥር ማዶ፣ ቦዬ ረግረግ ዳር፣
አንድ የሾላ ዛፍ አለ፣ የሸምሱ አባት የነበር።
ዛሬ የሸምሱ ነው፣ ቢያንስ በወረቀት፤
ጫፉ ላይ ግን ንስሮች ናቸው ጎጆ የቀለሱበት።
ኪራይ አይታሰብም፤ የዓሣ አጥንት ነው ትርፉ፣
ማለዳ ቆርቆሮዬን ኳ! የሚያደርግ፣ ከነክንፉ።

እኔ የመብራት ሠራተኛ፣ ምሰሶ ላይ የኖርኩ፣
ወገቤ እምቢ ሲል ነው ወንበር አውጥቼ ማየት የጀመርኩ።

ወላጆቹ ራሳቸው የተባዘተ ጥጥ፣
ሆዳቸው ዳማ፣ ክንፋቸው ጥላሸት፣ ዓይናቸው የሚያፈጥጥ።
ሁለቱ ጫጩቶች ግን ጭቃ የመሰሉ።
«የእነዚህ አይደሉም» አለች ጎረቤቴ ራውዳ፣
«ጭላት ጥሏቸው ሄዷል፤ የሰው ቤት እንግዳ።»

በመጀመሪያው ክረምት አንዱ ወጥቶ አልተመለሰም።
አዌቱ ሞልቶ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም።

የቀረው በሁለተኛው ዓመት ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፣
ኖራ ሲቀቡት ዝናብ እንደያዘው ግድግዳ፣ እዚህም እዚያም የነጣ።
ላባ በወደቀ ቁጥር ቆጣሪው ሣጥን ላይ እሰካለሁ፣
እንደ ወር ንባብ፤ ዕድሜውን በዚያ እቆጥራለሁ።

በሦስተኛው ፊቱ ጠራ፤ ከዓይኑ ኋላ ግን አንድ ጥቁር መስመር
እንደ ኩል ቀረ። መጮህ ሲሞክር ይጎረንናል፣ ይቀጥናል፤
በዚያ ዓመት የልጄ የነዚፍም ድምፅ መሃል ላይ ይሰበር ነበር።

በአራተኛው ሸምሱ ከነመጋዙ መጣ፤
«ጣውላ ነው፤ ቀብድ በልቻለሁ» አለ፣ ሳይቆጣ።
ወንበሬን ለቀቅሁለት። ተቀመጠ። ልጁ ወረደ፣
ውሃውን ቧጨረ፣ ባዶ ጥፍሩን ይዞ ሄደ።
ዞሮ ወረደ። ባዶ። በሦስተኛው አንዲት ቆሮሶ
አንጠልጥሎ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ጣላት፤ ለቀማት መልሶ።
ሸምሱ መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያይ ቆየ፤
«ይኼ ገና ነው» አለ። ቀብዱን ሲመልስ ግን ማንም አላየ።

ዘንድሮ ሐምሌ፣ ጭጋጉ ሲገለጥ፣ ኩሉ ከዓይኑ ታጥቧል።
ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ፤ ድምፁ ሞልቷል።
ራውዳ ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችው፤
«የእነሱ ነው ለካ!» አለች፣ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘችው።

ቅዳሜ ነዚፍ ከአጋሮ መጣ፣ ጺሙ አቀምቅሞ፣
ኮፍያዬን አንስቶ ሳቀ፣ ከበላዬ ቆሞ፤
«ነጣህ» አለኝ፣ «አባዬ፤ አንተም ደረስክ በለኛ!»
ቆርቆሮው ኳ! አለ። ቁርስ ነው፤ የእነሱ እንጂ አይደለም የእኛ።