ከሆዷ ሥር አንዲት ነጥብ

ሳልሚያ፣ ከጀምዒያው በር ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ማዳም ሙኒራ ክንዴን ያዘች፣ ጋሪውን ገፋሁላት።
ድሮ፣ ማለት እስካለፈው ወር፣
ነጭ ዘንጓን ይዛ ያለኔ ትሄድ ነበር፤
ከበሩ ዐሥራ ስምንት እርምጃ፣ የዳቦው ሽታ፣
ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ብርዱ ፊቷን ሲመታ
ወተት ነው፤ ወለሉ ሲያዳልጥ፣ ዓሣ፤
ሱቁን በአፍንጫና በጫማዋ ይዛ፣ አንዱንም ሳትረሳ።

ለረመዳን ብለው መደርደሪያውን አዟዟሩት፣
ዳቦውን ወስደው ከሳሙናው ጎን አኖሩት፤
ማስታወቂያም ለጥፈዋል አሉ፣ በትልልቅ ፊደል፣
«ስለተፈጠረው እንግልት ይቅርታ» የሚል።
ያን ቀን ሁለት ኪሎ ጨው ይዛ ገባች፣ ስኳር ብላ፤
እንግዳዋ ሻዩን ቀመሰ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣
ዝም አለ፣ ቆይቶም ሄደ፣ ምንም ሳይበላ።

ከዚያ ወዲያ ዓይን ሆንኩላት። ዓይን! እኔ ሉባባ፣
ባቲ ገበያን ዓይኔን ጨፍኜ የምወጣ የምገባ፤
እዚህ ግን ፊደሉ ሁሉ ለኔ
የጉንዳን ሰልፍ ነው፣ ቢያይም ዓይኔ።
ብነግራት ሳቀች።
«አስተማሪ ነበርኩ ዓይኔ ሳይከዳኝ፣ የአንደኛ ክፍል፤
አንቺ አታነቢም፣ እኔ አላይም፤ በይ እንካፈል።
ቅርጹን ንገሪኝ።»

«ትንሽ ቋጠሮ፣ የክር ጫፍ የመሰለች፣
ከጎኗ በትር፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣
መጨረሻዋ ሆዷን ወደ ታች ያንጠለጠለች...»
«ነጥብ አላት?»
«የላትም።»
«ጨው ነው። መልሺው።»

ሌላ አነሣሁ። «ሦስት ጥርስ፣ እንደ መጋዝ...» «ስኳር!» አለች፣
እንደ ሕፃን፣ ክንዴን ቆንጥጣ፣ ሰው እስኪዞር ጮኸች።
ሌላ። «ማጭድ የመሰለች፣ ከሆዷ ሥር አንዲት ነጥብ፣
ቀጥሎ አንዲት ጥርስ፣ እሷም ከሥሯ ነጥብ፤
ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን፣ ነጥቧ ከላይ...» «አይብ!»
እንዲህ ነው የገዛነው፤ ሰባት ዕቃ፣
በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጀርባዬ እስኪነቃ።

ሒሳብ ተቀባዩ ልጅ እኔን እያየ «ካርድ አላት?» አለ።
ከፊቱ ቆማለች፣ ሽቶዋ እንኳ ይሰማል።
«እሷን ጠይቃት» አልኩት በስብርባሪ ዐረብኛዬ፤ ዝም አለ።
መክፈያውም መስታወት ሆኗል፣ ልሙጥ፣ የማይዳሰስ፤
የድሮው አምስት ቁጥር ላይ ጉብታ ነበረው፣ ለጣት መመለሻ፤
የዛሬው ምንም የለው። ጎንበስ አለችና በለሆሳስ
አራት ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ጣለች። ትንፋሿ ሄል ይሸታል።

ሌሊቱን እንቅልፍ የለም።
የኔ ፓስፖርት በሷ መሳቢያ፣ የሷ ገንዘብ በኔ ጆሮ፤
እንዲህም መተማመን አለ? እንዲህም አለ ኑሮ?

በማግስቱ ላስቲክ ለቀምኩ፣ የሰላጣ ማሰሪያ፣
አንድ በጨው፣ ሁለት በስኳር ጣሳ፣ ለጣቷ መለያ።
ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው።
«ጽሕፈትሽ ነው» አለች። «ያምራል።»
የኔ ጽሕፈት! ደመወዝ ስቀበል በአውራ ጣቴ የምፈርመው ሴት፣
ማድ ቤት ገብቼ ሳልፈልግ ሽንኩርት ከተፍኩበት።

ትናንት ማታ ጠራችኝ። መሳቢያው ተከፍቷል፤
ሁለት ፓስፖርት ይዛለች፣ ለጣት አንድ ይመስላል።
«የቱ ነው ያንቺ?»
ያዝኩት። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አልነካሁትም ነበር፤
ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ገና አላየችም ባሕር።
«ላስቲክ እሰሪበት» አለች፣ «እንዳልሳሳት።»
አሰርኩ።
እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። መለስኩላት።
በጣቷ ቆጠረች፤
አንድ ላስቲክ ጨው፣ ሁለት ስኳር፣
ሦስት፣ እኔ።

መሳቢያው ተዘጋ። ቁልፉ ግን አልዞረም፤
ረስታው ይሁን፣ አስባበት ይሁን፣ አልጠየቅኋትም።
ነገ ጀምዒያ እንሄዳለን፣ ዳቦ አልቋል፤
ዳቦውንም፣ ማን ያውቃል፣
ሌሊቱን ሌላ ቦታ ወስደውት ይሆናል።